የአደይ አራሚዎች

አደይ አበባ የሚዘራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ አባቴ ነው። ሰው ጎመን ይዘራል፣ ሽንኩርት ይተክላል፤ አደይን ግን ማን ይዘራዋል? ክረምት ሲገባ በራሱ በቅሎ፣ መስከረም ሲጠባ በራሱ ፈንድቶ፣ ጥቅምት ሲያልቅ በራሱ የሚሄድ አበባ ነው። አባቴ ግን ዘራው፤ ያውም ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ በእኛ ብሎክና በልብስ ማስጫው ሽቦ መካከል ባለችው ባዶ መሬት ላይ። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሕንፃው አዲስ ስለነበር ግንበኞቹ ጠጠሩንም፣ ስባሪ ብሎኬቱንም፣ የዛገ ሚስማሩንም እዚያው ትተውት ሄደዋል። ሰው የልብስ እጣቢ የሚደፋባት መሬት ነበረች።

ዘሩ ቤታችን የገባው ኅዳር ላይ ነው። አባቴ ዓባይነህ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ ይነዳ ነበር። ሠራተኞቹን ለመስክ ሥራ በሆለታ መንገድ ወስዶ ቆሞ ሲጠብቃቸው፣ ዳር ላይ የደረቀውን አደይ ጫፍ ጫፉን እየሸመጠጠ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ መጣ። «የከተማ ልጅ አደይን የሚያውቀው ሜክሲኮ ጋ ታስሮ ሲሸጥ ነው፤ እኔ ልጆቼን ሜዳ ሙሉ ነው የማሳያቸው!» ብሎ ሲፎክር ትዝ ይለኛል። ፎክሮ ፎክሮ ከረጢቱን በረንዳ ላይ አስቀመጠና ረሳው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጫፉ እሾህማ ዘር ነው፤ ባለፍን ቁጥር ልብሳችን ላይ ይጣበቃል። እናቴ ወለተሰንበት ካልሲያችን ላይ እየለቀመች፣ «ዓባይነህ፣ ይሄን ገለባህን ወይ ዝራው ወይ ጣለው፤ በረንዳዬን ጎተራ አደረግኸው እኮ!» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። አባቴ ያኔ በትንሽ በትልቁ የሚስቅ ሰው ነበር።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ጋሽ አብዱልወሃብ በራችንን አንኳኳ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ነው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት አለው። በዚያ ሰዓት ከስፌት መኪናው ተነሥቶ አያውቅም። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ግባ ቢባልም አልገባም፤ «ዓባይነህ፣ እስቲ አንዴ ውረድልኝ» አለ።

በረንዳ ላይ ወጥቼ አየኋቸው። ሽቦው ሥር ቆመው ጋሽ አብዱልወሃብ አንድ ነገር አለው፤ አባቴ ስላልገባው ነው መሰለኝ ደግሞ አለው። ከዚያ ሁለት ትከሻውን ያዘው። አባቴ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ የማስበው ስለ ሱሪው ነበር፤ እማዬ መቆሸሹን ብታይ ትቆጣዋለች እያልኩ። ቆይቶ እዚያው እንደተቀመጠ ጠጠር መልቀም ጀመረ። አንዱን ያነሣል፣ ወደ ዳር ይወረውራል፤ ሌላውን ያነሣል። ጋሽ አብዱልወሃብም አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ አብሮት ለቀመ።

ሲመለስ እጁ አፈር በአፈር ሆኗል። እናቴ አልጋ ላይ ሆና፣ «ምነው ዓይንህ?» አለችው።

«አቧራ ነው።»

«በሰኔ?»

«የስሚንቶ አቧራ ነው። ያንን ዘር ልዘራው ነው፤ ዝናቡ ሳይጠነክር» አለና ከረጢቱን አንሥቶ ወረደ።

«እሰይ፣ ተገላገልኩ!» አለች እናቴ ከኋላው።

እኔ ያየሁት ይህን ነው። የሆነው ግን ሌላ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ቃለሕይወት ባሕር ላይ ቀርቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከጓደኞቹ ጋር በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገብቶ ነበር፤ ለፋሲካ ደውሎ፣ «በቅርቡ እንሻገራለን፣ ጸልዩልኝ» ብሎናል። ጀልባዋ ተገልብጣ የተረፈ አንድ ጓደኛው ጠመንጃ ያዥ ላሉት ቤተሰቦቹ ደወለ፤ እነሱ ለጋሽ አብዱልወሃብ ነገሩት፤ እሱ ለአባቴ። አባቴ ያን ቀን መሬት ላይ ቁጭ ያለው ልጁ ሞቶበት ነው።

በወጉ ቢሆን መጮህ፣ ድንኳን ማስተከል፣ ለቅሶ መቀመጥ ነበረበት። አልቻለም፤ እናቴ እርጉዝ ነበረቻ! ከእኔ በኋላ ሁለት ጽንስ አከታትሎ ወርዶባታል። በዚህኛው ሐኪሙ ማሕፀኗን በክር አስሮ፣ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትወርድ፣ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይደርስባት ብሎ አስጠንቅቋል። እርጉዝ ሴት ደግሞ መርዶ አይነገራትም፤ ይሄ በእኛ ዘንድ ክርክር የለበትም። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ገብረየሱስ አባቴን ደረጃ ላይ አስቁመው፣ «እስክትገላገል ሆድህ ይቻለው። ጥቁር እንዳትለብስ፣ ፊትህን እንዳታሳያት» አሉት። ይህን ሁሉ ያወቅኩት አድጌ ነው፤ የነገረችኝ የጋሽ አብዱልወሃብ ባለቤት እትዬ ሀሚዳ ናት። ሳሎንና አንድ መኝታ ብቻ ያለው ቤት ውስጥ ሰው ፊቱን የት ይደብቃል? አባቴ መሬቷ ላይ ደበቀው።

በማግስቱ ከጥበቃው ዶማ ተውሶ አፈሩን ፈነቀለ። እኔ ሚስማርና የጠርሙስ ስባሪ እለቅማለሁ። «ፍግ አንጨምርበትም?» አልኩት፤ ትምህርት ቤት ጎመን ስንተክል ፍግ ጨምረን ስለነበር አዋቂ ነኝ ብያለሁ። «አደይ ፍግ አይፈልግም። መሬቱ ከጠገበ ሣሩ ይወፍርና ይውጠዋል» አለኝ። ዘሩን ከአሸዋ ጋር በባልዲ አደባለቀ፤ ቀላል ስለሆነ ብቻውን ከተበተነ ነፋስ አንድ ቦታ ይከምረዋል። ከዚያ እፍኝ እፍኝ እየዘገነ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ በተነው። አፈር አላለበሰውም። «በይ ጫማሽን አውልቂና እንርገጠው» አለኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ከዳር እስከ ዳር ረገጥነው። እርጥቡ አፈር በእግሬ ጣቶች መሃል እየገባ ሲኮረኩረኝ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ፤ እሱ እጄን አጥብቆ ይዞ ዝም ብሎ ይረግጣል።

«አባዬ፣ ለማን ነው የምንዘራው?»

ቆመ። ሲመልስልኝ የሚያየው ሽቦውን ነው። «ለወንድምሽ ነው» አለኝ።

ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? ልቤ ቅቤ ጠጣ። አደይ የሚፈነዳው ለእንቁጣጣሽ ነው፤ አበባው የቃልዬ ከሆነ ቃልዬ ለእንቁጣጣሽ ሊመጣ ነው! ደረጃውን እየዘለልኩ ወጥቼ ለእናቴ አበሰርኳት። ከትራሷ ቀና ብላ፣ «ማን አለሽ? ደውሎ ነው?» ስትል ፊቷ ሲበራ አየሁ። አባቴ ገና ከመግባቱ አፋጠጠችው። ምን ይበል? «አዎ ደውሎ ነበር። ተኝተሽ ስለነበር ነው ያልቀሰቀስኩሽ። ደህና ነው፤ ኔትዎርኩ ግን ያስቸግራል» አላት። እኔ ደግሞ ሳያገናኘኝ ስልኩን ዘጋው ብዬ እራቴን አልበላም አልኩ።

በዚያው ሳምንት የእናቴን ስልክ ወሰደባት። «ጨረሩ ለጽንስ ጥሩ አይደለም ተብሏል» አላት። የሚደውል ሰው ነገሩ እንዳያመልጠው፣ ፌስቡክ ላይም አንድ ነገር እንዳታይ ፈርቶ ነው። ቀጥሎ አልጋዋን ከግድግዳው አንሥቶ መስኮቱ ሥር አደረገላት። «ተኝተሽ እንዳይደብርሽ አበባው ሲያድግ እያየሽ ትቆያለሽ» አላት። ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ከመስኮቱ ቁልቁል ሲታይ መሬቷ እንዳለች ትታያለች። አባቴ ይህን ያደረገው ከልቡ ለእሷ ብሎ ነው። ዛሬም ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ጥሎ ጥሎ አይወጣለትም። አደዩ በቀለ፤ ሰርዶውም በቀለ። ሁለቱም ሲወጡ አንድ ናቸው፤ የአደዩን ቅጠል ለይቶ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው፤ ቆይቶ እኔም አወቅኩ። ከሥራ እንደገባ ካፖርቱን ደርቦ ይወርዳል፣ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ ሰርዶ ይነቅላል። ሰዎቹ መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ ጋሽ ገብረየሱስ መጡ፤ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አጠገቡ ቁጭ አሉ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ ከዚያ ድሮ በኖርንበት፣ በፈረሰው ሰፈራችን የምናውቃቸው፣ ከዚያ ከኮልፌ አጎቴ፣ ከሳሪስ አክስቴ። ሁሉም ሰላም ብለው፣ አባቴ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አረም ይነቅላሉ። ወሬ የለም፣ ጨዋታ የለም። አንዳንዱ በክንዱ ዓይኑን ይጠርጋል። ሲሄዱ ትከሻውን ነካ እያደረጉ፣ «እግዜር ያጥናህ» ይሉታል። ጋሽ አብዱልወሃብ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ይደፋል።

አይ ልጅነት! ኩራቴ ልክ አልነበረውም። የሌላው ብሎክ ልጆች ጋ ማን ይሄዳል? እኛ ጋ ግን ከሳሪስ ድረስ ሰው ተሳፍሮ አረም ሊነቅልልን ይመጣል። «የእኛን አበባ ሰው ሁሉ ይወደዋል» እያልኩ ጓደኞቼን አቃጠልኳቸው። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግማሾቹ ሰርዶውን ትተው አደዩን ይነቅላሉ፤ አባቴም እያየ ዝም ይላል። አንድ ቀን ጋሽ ገብረየሱስ አንድ ለምለም አደይ ከነሥሩ መዥርጠው ሲያወጡ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ አደይ ነው! ለወንድሜ የተዘራ ነው!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በእጃቸው ያለውን አይተው፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ይቅርታ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በጣቶቻቸው አፈሩን ጭረው መልሰው ሊተክሉት ሞከሩ። ሽማግሌ በአበባ ያለቅሳል እንዴ ብዬ ገረመኝ።

ያ ሁሉ ሰው ለቅሶ እየደረሰ ነበር። ድንኳን ስለማይተከል፣ ወንበር ስለማይዘረጋ፣ አረም እየነቀለ ነው የተቀመጠው። ነገሩን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ አባቴ ብቻውን ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲያለቅስ አንዱ አይቶት አጠገቡ ቢቀመጥ፣ ሌላው ተከትሎ ይሆናል።

እናቴ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች። «ዛሬ ደግሞ ማን መጣ?» እኔም ወሬ እወዳለሁና እዘረግፍላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር፤ «ወይ ዓባይነህ! አገሩን ሁሉ ገበሬ አደረገው?» እያለች። አንድ ቀን ከሰዓት የጋሽ ገብረየሱስ ባለቤት ድስት ሙሉ ንፍሮ ይዘው መጡ፤ ስንዴና ሽምብራ፣ ገና ትኩስ። ሰዎቹ ካፊያ እየመታቸው በመዳፋቸው እየተቀበሉ ቆመው በሉ። እኔ ደግሞ ለእናቴ ብዬ አንድ እፍኝ ይዤ ወጣሁ።

መዳፌን ከፍቼ ዘረጋሁላት። አየችው። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ አልነካችውም።

«ማነው የቀቀለው?»

«የጋሽ ገብረየሱስ ባለቤት። ለአራሚዎቹ ነው።»

በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ብዙ ሰው ነበር ያን ቀን። አባቴ መሃል ላይ አቀርቅሯል፤ አጎቴ ጀርባውን ይዞታል።

«ትሕትና፣ ሲሄዱ አባትሽን ምን ይሉታል?»

«‹እግዜር ያጥናህ› ይሉታል። አረም እኮ ወገብ ይቆርጣል፣ እማዬ።»

እናቴ ከመዳፌ ላይ አንዲት ስንዴ አንሥታ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ረጅም ጊዜ አላመጠቻት። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነበር። በመጨረሻ፣ «በይ ውረጂ» አለችኝ፤ «አባትሽን ብቻውን አትተዪው።»

ከዚያ ቀን በኋላ «ደወለ ወይ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። አባቴ ለእትዬ ሀሚዳ፣ «ተመስገን፣ ተረጋግታለች» ሲላት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ተናደድኩባት። ሆዷ ያለውን ልጅ ስታስብ ቃልዬን ረሳችው አልኩ። ይብሱን ሰዎቹ መጥተው ሲቀመጡ እሷም አልጋው ላይ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ ዞራ ቁጭ ትላለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫፉን አፏ ውስጥ ከትታ። እነሱ ሲሄዱ ተመልሳ ትተኛለች። በር ዝጊልኝ ትለኛለች። አንዴ ዘው ብዬ ብገባ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ «ብርድ ነው፣ ውጪ» አለችኝ። አባቴ ሲገባ ደግሞ ደህና ናት። «ወገብህን አመመህ? ና እስቲ ብላ» ትላለች። እሱ ያጎርሳታል፣ እሷ ታጎርሰዋለች። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ የእንቁጣጣሽ ቀሚሴ እንዴት ያለ እንዲሆን እንደምፈልግ አወራላቸዋለሁ።

አደዩ ፈነዳ። መቼም እንደዚያ ዓመት ያማረ አላየሁም፤ መሬቷ በሙሉ ቢጫ ሆነች፤ የሌላ ብሎክ ሰው ሳይቀር እየመጣ ፎቶ ተነሣባት። ለእንቁጣጣሽ ከጓደኞቼ ጋር በየበሩ ስንዘፍን ዋልን፤ ለእናቴም አንድ እቅፍ አመጣሁላት። ፊቷን አበባው ውስጥ ቀብራ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በደስታ ነው አልኩ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ቆሜ ቃልዬን ጠበቅኩ። ሲመሽ አባቴ፣ «መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል» አለኝ። ለመስቀል ይመጣል አልኩ። ለመስቀልም አልመጣም።

ከመስቀል በኋላ እናቴ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ፣ ሶፊ። ጋሽ ገብረየሱስ፣ «አሁንማ ይነገራት» አሉ። አባቴ ግን ለመናቸው። «ጡቷ ይደርቃል፤ ትንሽ ይቆይ፤ ክርስትናዋ ይለፍ» እያለ አንዱን ቀን ወደ ሌላው ገፋ። እትዬ ሀሚዳ እንዳለችኝ፣ መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ተቆጥተው፣ «ልጅዋ ነው እኮ ዓባይነህ! እስከ መቼ ነው የምትነፍጋት?» ብለውት ነው ቀኑ የተቆረጠው።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ የብረት ኳኳታ ቀሰቀሰኝ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ሳይ የእድሩ ሰዎች የድንኳን ብረት እያወረዱ ነው፤ ያውም አበባችን ላይ! መጮህ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ድንኳን የሚተከለው ለድግስ ነው፤ ድግስ የሚደገሰው ለእንግዳ ነው። ቃልዬ መጣ! ሮጬ ገብቼ የእንቁጣጣሽ ቀሚሴን ለበስኩ። ጠርሙስ ውስጥ የቀረ አደይ ነበረኝ፤ እሱንም ያዝኩ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ጋሽ ገብረየሱስ፣ ባለቤታቸው፣ አጎቴ፣ አክስቴ፣ ጋሽ አብዱልወሃብና እትዬ ሀሚዳ። አባቴ ከሁሉም ኋላ በሩ ላይ ቀረ። እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሶፊን ታጠባለች። ጋሽ ገብረየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ወለተሰንበት፣ መቼም ሁላችንም የእግዚአብሔር ነን…»

እናቴ እጇን አነሣችና አስቆመቻቸው። ሶፊን ከጡቷ አላቅቃ ለእትዬ ሀሚዳ ሰጠች። ደረቷን ሸፈነች። ሳትቸኩል ነው ሁሉንም የምታደርገው።

«አረሙን ጨረሳችሁ?» አለች።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ጋሽ ገብረየሱስ፣ እርስዎን እኮ ነው። አለቀ ወይ አረሙ?»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው በእጃቸው ዳበሱ። አባቴ ከበሩ፣ «ወለቴ…» አለ።

«ዝም በል! አንተ አልቅሰሃል። ክረምቱን ሙሉ ጀርባህን የሚይዝህ፣ ትከሻህን የሚነካህ ሰው ነበረህ። ከሳሪስ ድረስ መጥተው አስተዛዝነውሃል። እኔ የልጄን ለቅሶ በመስኮት ነው የተቀመጥኩት፤ ብቻዬን፣ አፌን በነጠላ ጠቅጥቄ!»

«አንቺንም እንዳላጣ ፈርቼ ነው። ልጅቷንም…»

«አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው ዝም ያልኩህ።»

ከዚያ ተነሣችና በሁለት እጇ ደረቷን መታች። «ቃሌ! ቃልዬ! ልጄ!» ያ ጩኸት ከሆዷ ሲወጣ አደዩን ከእጄ ጣልኩት። ሁሉም ሰው ወደ እሷ ሄደ፤ ግን ምን እንደሚላት የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ አቅፋት አብራ ከመጮህ በቀር አንድ ቃል አልወጣትም። አባቴ በሩ ሥር ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኗል። እኔ በአዲስ ቀሚሴ መሃል ቆሜ ነበር። «ቃልዬ የታለ?» አልኩት አባቴን። ወደ እሱ ጎተተኝና አንገቴ ሥር ተሸጎጠ። ያኔ ገባኝ።

ድንኳኑ አበባው ላይ ተተከለ። ሰው ረገጠው፣ ወንበር ተጎተተበት፣ የበሰለው ዘር በለቀስተኛው ልብስ ላይ እየተጣበቀ ከግቢ ወጣ። ድንኳኑ ሲነሣ መሬቷ ጭቃና ገለባ ነበረች።

እናቴ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አባቴን ተናግራው አታውቅም። አልጋዋን ግን በዚያው ሳምንት ከመስኮቱ አንሥታ ወደ ግድግዳው መለሰች። አባቴ አደዩን አልተወውም። እንደገና መዝራት አላስፈለገውም፤ የረገፈው በየዓመቱ ይበቅላል። ሰኔ ላይ አፈሩን ጫር ጫር ያደርጋል፣ ሐምሌን ሰርዶውን ይነቅላል፣ ኅዳር ላይ ዘሩ መርገፉን አይቶ ያጭደዋል፤ አጭዶ፣ አራግፎ፣ ገለባውን ከግቢ ያስወጣል፤ ካልወጣ መሬቱን ያጠግብና ሣር ያነግሥበታል። ብቻውን ነው የሚሠራው። ሊረዳው የሚመጣ ሰው ቢኖር አይፈቅድም። እናቴ ከቤት ስትወጣ በብሎኩ ኋላ ዞራ ነው ወደ ታክሲ የምትሄደው። ሁለቱ በሰላም ኖሩ፤ ተከባብረው፣ ተጎራርሰው ኖሩ። ያቺ መሬት ግን በመካከላቸው ነበረች።

ዘንድሮ ሐምሌ አባቴ ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም። ጠዋት ላይ፣ እጁ እጄ ውስጥ እያለ አረፈ። አጠገቡ እኔ ብቻ ነበርኩ። ነርሷ ደግ ልጅ ናት፤ ቀደም ብሎ ስለ እናቴ ጠይቃኝ ደም ግፊት እንዳለባት ነግሬያታለሁ። «በቀጥታ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «ሽማግሌዎች ሰብስቡና ቀስ ብላችሁ፤ ከፈለግሽ ትንሽ ቀናትም ማቆየት ይቻላል።» ለእኛ አስባ ነው። ሁሉም ሰው ለእኛ አስቦ ነው። ለአጎቴ አልደወልኩም፤ ሶፊንም ከክረምት ትምህርቷ አላስጠራሁም። ስልኬን ዘግቼ ታክሲ ያዝኩ።

ግቢ ስገባ ካፊያ ነበር። ጋሽ ገብረየሱስ አሁን አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል፤ ከዘራቸውን ይዘው ደረጃው አፍ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ሀሚዳ አጠገባቸው ልብስ ከሽቦ ታነሣለች። «ትሕትና ነሽ? ዓባይነህ እንዴት አደረ?» አሉኝ። ፊቴን ለማየት ሞከሩ። እዚያው እግራቸው ሥር ብወድቅ፣ ቢያቅፉኝ፣ ምንኛ ይቀለኝ ነበር። «ከእማዬ ይሰሙታል ጋሼ» አልኳቸውና አለፍኩ።

እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ሁለት እጇን ያዝኩ።

«እማዬ፣ አባዬ አረፈ። አሁን ጠዋት ነው። እጁን ይዤው ነበር።»

አላለቀሰችም። ዓይኔን አየችኝ፤ አንድ ነገር ፈልጋ አየችኝ።

«ካንቺ ሌላ ማን ሰማ?»

«ማንም። ከአንቺ ነው የጀመርኩት።»

«ታች ያሉትስ?»

«አልነገርኳቸውም፣ እማዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። ትሪውን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አኖረች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና በሩን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ከዚያ የአባቴን ስም ጠርታ ጮኸች፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ብሎኩ እስኪናወጥ። ከታች የእትዬ ሀሚዳን እሪታ ሰማሁ። በሮች ተከፈቱ፤ ደረጃው በኮቴ ተሞላ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ እየወጣ ነበር።